እንግዳ የቀየረው ጸሎት

የቴዜን የማታ ጸሎት ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው «ይህ ሥርዓት ስንት ዘመኑ ይመስልሃል?» ተብሎ ቢጠየቅና «ስምንት መቶ ዓመት» ብሎ ቢመልስ አይፈረድበትም። ነጭ የለበሱ ወንድሞች በቤተ ክርስቲያኑ መካከል ተንበርክከዋል፤ ከፊት ለፊት ብዙ ትንንሽ ሻማዎች ይበራሉ፤ ሁለት ስንኝ የማይሞላ የላቲን መዝሙር አሥሬ፣ አሥራ አምስቴ ይመላለሳል፤ ከዚያ በሺህ የሚቆጠረው ሕዝብ ባንድ ጊዜ ጸጥ ይልና ለብዙ ደቂቃ እንደዚያው ይቆያል። ቦታውም ለግምቱ ያግዛል። ቴዜ በምሥራቅ ፈረንሳይ፣ በቡርጎኝ ኮረብቶች መካከል ያለች ትንሽ መንደር ናት። በ910 ተመሥርቶ በመካከለኛው ዘመን የምዕራቡን ምንኩስና ሲመራ የኖረው የክሉኒ ገዳም ፍርስራሽ ከእሷ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ይርቃል (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ይሁንና ቤተ ክርስቲያኑ በ1962 የተመረቀ የኮንክሪት ሕንፃ ነው። መዝሙሮቹም አብዛኞቹ ከ1970ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የተጻፉ ናቸው፤ ከደራሲዎቹ ዋናው ዣክ በርቲዬ በፓሪስ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ተጫዋች ሆኖ ኖሮ በ1994 ያረፈ ሰው ነው። አያቶቻችን በጉብዝናቸው ዘመን ይህን ጸሎት ልስማ ቢሉ የሚሰሙት ነገር አልነበረም።

እንዲህ ያለ አዲስ ነገር ስለምን የጥንት መሰለ ለሚለው ጥያቄ መልሱ ቅርብ ነው፤ ሻማውም፣ ላቲኑም፣ ዝምታውም እያንዳንዳቸው የጥንት ናቸው። የሚከብደው እነዚህ ነገሮች ለምን በዚያ ቦታ፣ በዚያ ዘመን፣ በዚያ መልክ ተገናኙ የሚለው ነው። ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ ወንድሞቹ የተመስጦ ሰዎች ስለነበሩ ለተመስጦ የሚስማማ ሥርዓት ሠሩ የሚል ነው። ይህ መልስ ሐሰት ባይሆንም የታሪኩን ግማሽ ይደብቃል። ማስረጃው ሲታይ ይህ ጸሎት ከተመስጦ ይልቅ ከመስተንግዶ የተወለደ ነው። አንድ ትንሽ ማኅበር ከሚችለው በላይ እንግዳ መጣበት፤ እንግዳው የባለቤቱን ቋንቋ አያውቅም፤ ዜማውንም አልተማረም። ባለቤቶቹ ደግሞ እንግዳውን ደጅ ከማቆም ይልቅ የገዛ ጸሎታቸውን ቀየሩለት። ዛሬ «የቴዜ መንፈስ» የሚባለው አብዛኛው ነገር የዚያ ውሳኔ ውጤት ነው ብዬ አምናለሁ።

ነገሩ የሚጀምረው በጦርነት ነው። ሮዤ ሹትስ በ1915 በስዊዘርላንድ ከተሐድሶ ቤተ ክርስቲያን ፓስተርና ከፈረንሳዊት እናት ተወለደ። በሎዛንና በስትራስቡርግ ነገረ መለኮት ተምሮ በነሐሴ 1940፣ ፈረንሳይ በጀርመን በተሸነፈች በሁለት ወሯ፣ ከጄኔቭ በብስክሌት ተነሥቶ ቴዜ ደረሰ። መንደሯ ጀርመኖች ከያዙት ግዛት ከሚለየው መስመር በስተደቡብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ፈቀቅ ብላ ነበርና ሸሽቶ መስመሩን ለሚሻገር ሰው ቅርብ መጠጊያ ነበረች። ሮዤ ቤት ገዛ፤ ከእኅቱ ከዥኔቪየቭ ጋርም ስደተኞችን፣ በመካከላቸውም አይሁዶችን፣ ያስጠጋ ጀመር። እዚህ ላይ ኋላ የመጣውን ሁሉ የሚያብራራ አንድ ነገር አለ። ሮዤ በቀን ሦስት ጊዜ የሚጸልየው ብቻውን ነበር። ከተጠጉት ሰዎች መካከል አይሁዳዊም፣ እምነት የለሽም ስላለ ባለቤቱ ሲጸልይ እንግዳው «እኔም ልነሣ ይሆን?» ብሎ እንዳይጨነቅ ከቤቱ ርቆ ጫካ ገብቶ ይዘምር ነበር። የጸሎቱን መልክ በእንግዳው ሁኔታ መወሰን በቴዜ የጀመረው እንግዲህ ወጣቶቹ ከመምጣታቸው ከብዙ ዘመን በፊት ነው። በ1942 መገባደጃ ምስጢሩ ወጥቶ ሮዤ ወደ ስዊዘርላንድ ተመለሰ፤ በ1944 ግን የመጀመሪያዎቹን ጓደኞቹን ይዞ እንደገና መጣ። የዚያን ጊዜ በአካባቢው ካምፕ የታሰሩት ጀርመኖች ነበሩ። በየእሑዱ እነሱን ቤታቸው ይቀበሉ ጀመር፤ ትናንት አሳዳጅ የነበረው ዛሬ እንግዳ ሆነ ማለት ነው።

በ1949 የፋሲካ ዕለት ሰባት ወንድሞች ሳያገቡ፣ ገንዘባቸውን አንድ አድርገው፣ በቀላል ኑሮ ዕድሜያቸውን አብረው ሊፈጽሙ ቃል ገቡ። ከተሐድሶው ወዲህ ገዳምን እርግፍ አድርጎ ለተወው የፕሮቴስታንት ዓለም ይህ ትልቅ ድፍረት ነበር። የሚጸልዩት በመንደሯ ትንሽ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሲሆን ፈቃዱን በ1948 የሰጧቸው ያኔ በፓሪስ የቫቲካን እንደራሴ የነበሩት፣ ኋላ ጳጳስ ዮሐንስ 23ኛ የተባሉት አንጄሎ ሮንካሊ ናቸው። የዚያ ዘመን ጸሎታቸው ዛሬ ከምናውቀው ጋር እምብዛም አይመሳሰልም። ቋንቋው ፈረንሳይኛ ነበር። የሚዘምሩት ካልቪናውያን ለዘመናት የዘመሩትን የጄኔቭን መዝሙረ ዳዊት ነው፤ በኋላም ኢየሱሳዊው ካህን ዮሴፍ ዤሊኖ ለፈረንሳይኛው ዳዊት ያወጣውን ዜማ ጨመሩ። በርቲዬ ራሱ ለመጀመሪያ ጊዜ በ1955 ዜማ ሲጽፍላቸው ሃያ ለሚሆኑ ወንድሞች የሚሆን፣ ተጠንቶ የሚዘመር ሥራ ነበር የተጠየቀው። በሌላ አነጋገር የሠለጠኑ ሰዎች ጸሎት ነበር። መጽሐፍ ይፈልጋል፤ ልምምድ ይፈልጋል፤ ድምፁን የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። ያልተማረ ሰው ማኅሌት ሲቆም እንደሚሆነው ሁሉ፣ የመጣ እንግዳ ዳር ይዞ ከማድመጥ በቀር ድርሻ አልነበረውም። ያንን ማድመጥ የሚንቅ የለም፤ እንግዳው ጥቂት እስከሆነ ድረስም ችግር አልነበረበትም።

እንግዳው ግን በረከተ። ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ወጣቶች እየበዙ መምጣት ያዙና የመንደሯ ቤተ ክርስቲያን ጠበበች። አዲሱን ቤተ ክርስቲያን የሠሩት በናዚ ዘመን ለተፈጸመው ግፍ የካሳ ምልክት እንዲሆን በተቋቋመ ድርጅት በኩል የመጡ ወጣት ጀርመኖች ናቸው፤ ንድፉ ከወንድሞቹ የአንዱ፣ የዴኒ፣ ነበር። በነሐሴ 1962 ሲመረቅ «የዕርቅ ቤተ ክርስቲያን» ተባለ። በጊዜው ለማኅበሩ ከመጠን በላይ ሰፊ ይመስል ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላው ግን፣ በ1971 ፋሲካ፣ የመጣውን ሕዝብ መያዝ ስላልቻለ የምዕራቡን ግድግዳ አፍርሰው ድንኳን ቀጠሉበት። የአንድ ሃይማኖት ተቋም ሕንፃው አሥር ዓመት ሳይሞላው ለእንግዳ ሲል ግድግዳውን የሚያፈርስበት ታሪክ ብዙ አይገኝም። በ1970 ሮዤ «የወጣቶች ጉባኤ» እንደሚደረግ አስታውቆ ጉባኤው በ1974 ሲከፈት ኮረብታው ላይ ወደ 40 ሺህ ሰው ተሰበሰበ። ጀርመናዊው፣ ጣሊያኑ፣ ስፔናዊው፣ ሆላንዳዊው ባንድ ላይ ተቀምጧል፤ አብዛኛው ፈረንሳይኛ አይሰማም። ለሃያ ወንድም የተጻፈ የአራት ድምፅ ዳዊት ለዚህ ሕዝብ ምን ይሠራለታል? ግድግዳ ማፍረስ ይቀላል፤ ሰው ሃያ ዓመት ሙሉ በቀን ሦስቴ የጸለየውን ጸሎት አፍርሶ መሥራት ግን ሌላ ነገር ነው።

ይህን ሥራ ከማኅበሩ በኩል የያዘው ወንድም ሮቤር ነበር። መጀመሪያ የተሞከረው ከድሮ የተገኙ ካኖኖችን ማዘመር ነው፤ ካኖን አንዱ ወገን የጀመረውን ዜማ ሌላው ከኋላ እየተከተለ የሚገባበት አዘማመር ነውና አንድ መስመር ብቻ የሚያውቅ ሰው ሳያስበው ብዙ ድምፅ ባለው መዝሙር ውስጥ ራሱን ያገኘዋል። ነገሩ ሠራ፤ የድሮዎቹ ግን ብዙ አልነበሩምና አዲስ እንዲጻፍ በርቲዬ ተጠየቀ። ሮቤር ቃሉን መርጦ ወደ ፓሪስ ይልካል፤ በርቲዬ ዜማውን ጽፎ ይመልሳል። ከዚህ የፖስታ ልውውጥ የተወለዱት መዝሙሮች አሠራራቸው ሲታይ የጸሐፊያቸው ብልኀት ይገለጣል። ከሥር አጭር አዝማች አለ፤ አንዴ ሁለቴ የሰማ ሰው በሦስተኛው ይይዘዋል። አዝማቹ አራት ድምፅ ሆኖ ስለተጻፈ ችሎታ ያለው የራሱን ድምፅ ይይዛል፣ የሌለው ዋናውን ዜማ ይከተላል፤ ማንም ግን ከመዝሙሩ ውጭ አይሆንም። ሕዝቡ አዝማቹን ሲመላልስ ከላይ አንድ መሪ ከዳዊት ወይም ከወንጌል የተወሰደ ቃል በተለያየ ቋንቋ እየለዋወጠ ያዜማል፤ ዋሽንት ወይም ጊታር ካለ ይገባል፣ ከሌለም አይጎድልም። እዚህ ድግግሞሹ የግድ ነው። አዝማቹ ቢቋረጥ መሪው የሚቆምበት መሬት ያጣል፤ እንግዳውም የሚማርበት ጊዜ ያጣል። ዛሬ «የተመስጦ ድግግሞሽ» የምንለው በመነሻው ለማያውቅ ሰው ማስተማሪያ ነበር። ሰው አንድን ቃል ሃያ ጊዜ ሲል ልቡ ወደ ውስጥ መመለሱ እውነት ነው፤ ግን ይህ ከሥራው የተገኘ ትርፍ እንጂ የሥራው መነሻ አልነበረም።

ዝምታውንም በዚሁ ዓይን ማየት ይቻላል። በፕሮቴስታንት አምልኮ ማዕከሉ ስብከት ነው፤ ሮዤም የፓስተር ልጅ ነው። በቴዜ የዘወትር ጸሎት ግን ስብከት የለም። አጭር ንባብ በጥቂት ቋንቋዎች ይነበባል፤ ከዚያ ስብከቱ ሊሆንበት በሚችለው ቦታ ላይ ጸጥታ ይገባል። አሥር ደቂቃ ይጠጋል፤ መጀመሪያ ለመጣ ሰው መጨረሻ የሌለው ይመስላል። ጸጥታ ለመነኩሴ አዲስ ነገር እንዳልሆነ የታወቀ ነው፤ ወንድሞቹም ከመጀመሪያው ያውቁት ነበር። ነገር ግን ሦስት ሺህ ሰው በአሥራ አምስት ቋንቋ ተከፋፍሎ በተቀመጠበት ቤት አንድ ሰባኪ ቢነሣ ወይ አብዛኛው አይሰማውም፣ ወይም እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር እየተተረጎመ ጸሎቱ ስብሰባ ይሆናል። ለሁሉ እኩል የሚሰማው ነገር ዝምታ ብቻ ነበር። የወንጌሉ ማብራሪያ ከጸሎቱ ወጥቶ ቀን ቀን በየቋንቋው በሚደረጉ ጥናቶች ላይ መዋሉም ይህንኑ ያሳያል፤ ትምህርቱ አልተተወም፣ ቦታው ተለወጠ እንጂ።

ሻማው የባሰ ግልጽ ነው። የዕርቅ ቤተ ክርስቲያን ከውጭ ሲታይ የመጋዘን ዘመድ ነው፤ እንዲያ በማለቴ የሚያዝን አይጠፋም፣ ግን ውበቱ ከግድግዳው አይመጣም። ወንድሞቹ ስጦታም ውርስም ለራሳቸው አይቀበሉም፤ ከሸክላና ከሕትመት ሥራቸው ይኖራሉ። ወርቅና እብነ በረድ በሌለበት በፊት ለፊት ብርቱካንማ ጨርቅ ወጥሮ፣ ከሥሩ ትንንሽ መብራቶችን ደርድሮ ሰፊውን አዳራሽ ወደ አንድ አቅጣጫ እንዲያይ ማድረግ ርካሽም ብልህም መፍትሔ ነበር። ወንበር ስለሌለ ሕዝቡ ወለል ላይ ይቀመጣል፤ ስለዚህ አንድ ቦታ ላይ የሚገባው ሰው ይበዛል። ዓርብ ማታ የተሳለው መስቀል ወለል ላይ ይጋደምና ሰዎች በጉልበታቸው እየቀረቡ ግንባራቸውን ያሳርፉበታል። ቅዳሜ ማታ ለሁሉ ትንንሽ ሻማ ይታደልና እሳቱ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፤ የትንሣኤ ሌሊት ጧፍ ከጧፍ ሲለኮስ ላደገ ኢትዮጵያዊ ይህ ምን እንደሆነ ማስረዳት አያሻም። ልዩነቱ በቴዜ በየሳምንቱ መሆኑ ነው። ምክንያቱም እንግዳው በየሳምንቱ ይለወጣል፤ አብዛኛው እሑድ መጥቶ በሳምንቱ እሑድ ይሄዳል። ዓመቱን ጠብቆ ፋሲካ ለማክበር ለማይቆይ ሰው ሕማማቱና ትንሣኤው በአንድ ሳምንት ውስጥ ተጠቅልሎ ቀረበለት።

አንድ የታሪክ አዋቂ እዚህ ላይ ሊያስቆመኝ ይችላል። «ወንድሞቹ ክሉኒ አጠገብ ሰፍረው፣ ሮዤም የመመረቂያ ጽሑፉን በጥንታዊ ምንኩስና ላይ ጽፎ፣ እንዴት ነው ሁሉን ነገር ለወጣቶች ቁጥር የምትሰጠው? የአንድ አጭር ቃል ድግግሞሽስ የምሥራቅ መነኮሳት የኢየሱስ ጸሎት አይደለም ወይ?» ሙግቱ ክብደት አለው። ሮዤ ምንኩስናን እንዳጠና፣ ቴዜም ከምሥራቁ ብዙ እንደወሰደ ጥርጥር የለውም። ከዋና ሥዕሎቻቸው አንዱ፣ ክርስቶስ እጁን በአበ ምኔቱ በሚናስ ትከሻ ላይ አሳርፎ የሚታይበት፣ የግብፅ ክርስቲያኖች የባዊት ገዳም ሥራ ነው፤ ዋናው በሉቭር ሙዚየም አለ። ጥሬ ዕቃው የጥንት መሆኑን ግን እኔም አልካድኩም። ክርክሬ ስለ አሠራሩ ነው፤ ለዚያም ክሉኒ ራሱ ይመሰክርልኛል። ክሉኒ የሚታወቀው በረጅሙ ጸሎቱ ነበር። መነኮሳቱ በአንዳንድ ቀናት ከመቶ በላይ መዝሙረ ዳዊት ይደግሙ ነበር፤ ሥርዓቱ እየተጫነ ሄዶ ለእጅ ሥራ ጊዜ እስከማይተርፍ ደረሰ። ቴዜ የክሉኒ ወራሽ ቢሆን ኖሮ መንገዱ ወደ ብዙ ቃል፣ ወደ ረጅም ሥርዓት፣ ወደ ሠለጠነ ዘማሪ ይሆን ነበር። የሄደው በተቃራኒው ነው። የኢየሱስ ጸሎትም ቢሆን መነኩሴ ብቻውን በበዓቱ የሚያዘወትረው ነው፤ ሺህ እንግዳ በአራት ድምፅ የሚዘምረው ሌላ ነገር ነው፣ ቢመሳሰሉም።

ሁለተኛው ሙግት ከላቲን ይነሣል። ለእንግዳ ተብሎ ከሆነ ማንም የማይናገረው ቋንቋ ለምን? ያውም ተሐድሶው አራት መቶ ዓመት የተከራከረበት ቋንቋ? በዚህ ላይ ጊዜው ይበልጥ ያስገርማል። ሮዤና ጓደኛው ማክስ ቱሪያን በታዛቢነት የተቀመጡበት ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 ተዘግቶ፣ ካቶሊኮች ቅዳሴያቸውን ከላቲን ወደየአገሩ ቋንቋ እያዞሩ ባለበት ዘመን፣ ፕሮቴስታንቶች የመሠረቱት ማኅበር ላቲንን አነሣ። በናፍቆት ቢሆን ኖሮ ሙሉውን የላቲን ሥርዓት ባመጡ ነበር፤ ያመጡት ግን አራት አምስት ቃል ነው። ፈረንሳይኛ ቢዘመር ጀርመናዊው እንግዳ ይሆናል፤ ጀርመንኛ ቢዘመር በ1970ዎቹ የፖላንድና የሆላንድ ወላጆች ምን እንደሚሰማቸው መገመት ይቻላል። ላቲን የማንም የቤት ቋንቋ ስላልሆነ ሁሉንም እኩል እንግዳ ያደርጋል። አናባቢዎቹ ክፍት ስለሆኑም ለዜማ ይመቻል፤ አራት ቃል ደግሞ ማንም ትርጉሙን ባንድ ጊዜ ይይዛል። እኛ ግዕዝን የያዝንበት ምክንያት ሌላ ነው፤ የአባቶች ነውና አንለቀውም። የቴዜ ላቲን ርስት አልነበረም፣ መሸጋገሪያ እንጂ። ለዚህም ነው መሸጋገሪያው ሥራውን ሲጨርስ ሌሎች ቋንቋዎች ያለ ጠብ የተጨመሩት።

ሦስተኛው ሙግት ከሙዚቃ ሰዎችና ከአንዳንድ ካህናት የሚመጣ ሲሆን እኔ ከሁሉ አክብጄ የማየው እሱን ነው። ይህ ሁሉ፣ ይላሉ፣ የሚያምር ስሜት ነው፤ መብራቱን ቀንሶ፣ ሻማ አብርቶ፣ አጭር ዜማ የሚመላልስ ማንም ሰው ሕዝቡን ሊያስለቅስ ይችላል። በጀርመን፣ በእንግሊዝ፣ በአሜሪካ በየደብሩ በወር አንዴ የሚደረገው «የቴዜ ጸሎት» ክሱን ያጠናክረዋል። እውነቱን ለመናገር ከእነዚህ አንዳንዶቹ ቅርጹን ብቻ የወሰዱ ናቸው። አንድ ቋንቋ የሚናገር አንድ ደብር፣ በየሳምንቱ የሚተዋወቅ ሕዝብ፣ በላቲን አራት ቃል ሲመላልስ ቅርጹን የወለደው ችግር እዚያ የለም። መፍትሔው ያለ ችግሩ ሲገባ ጌጥ ይሆናል። ግን ይህ የሚነቅፈው ተቀባዩን ነው እንጂ ምንጩን አይደለም። በቴዜ ያለው እንግዳ ከጸሎት ሲወጣ ድንች ይልጣል፣ መጸዳጃ ቤት ያጥባል፣ ምሳ ያድላል፤ ጸሎቱ የተሠራው ለዚያ ሕዝብ ነው። የበርቲዬን ዜማ ቀላል ነው ብሎ የሚንቅ ሙዚቀኛም የአሠራሩን ልክ ልብ ያላለ ይመስለኛል። የተማረ ዘማሪ እንዳይሰለች፣ ያልተማረው እንዳያፍር አድርጎ መጻፍ ረጅም ሥራ ከመጻፍ አያንስም።

ዝምታው ግን ሌላ ክስ አለበት፤ እሱን ሙሉ በሙሉ መመለስ አልችልም። አብያተ ክርስቲያናት የተለያዩት በቁም ነገር ነው፤ ስለ ቁርባን፣ ስለ ክህነት፣ ስለ ሥልጣን። አብሮ ዝም ማለት እነዚህን አይፈታም፤ አንዳንዴም ያድበሰብሳቸዋል። ቱሪያን ማኅበሩን አብሮ ከመሠረተ በኋላ በ1987 የካቶሊክ ካህን ሆኖ ሲቀባ ነገሩ አስቀድሞ ለሕዝብ አልተነገረም ነበር። ሮዤ በ2005 በጳጳስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ቀብር ላይ ከካርዲናል ራትዚንገር እጅ ሲቆርብ ዓለም አየው፤ ፕሮቴስታንት ነው ወይስ ካቶሊክ የሚለው ክርክር እስካሁን አላለቀም። ከዚህ የከፋም አለ። በ2019 ማኅበሩ ራሱ፣ ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ ባለው ጊዜ አንዳንድ ወንድሞች ለአካለ መጠን ባልደረሱ ልጆች ላይ የወሲብ ጥቃት እንደፈጸሙ ይፋ አደረገ። ይፋ ማድረጉ ሊያስመሰግነው ይገባል፤ ያ ሁሉ ዓመት ግን በዝምታ አልፏል። በጸሎት ውስጥ ያለው ጸጥታና ተጎጂን የሚያፍነው ጸጥታ አንድ አይደሉም፤ ሆኖም በአንድ ግቢ ኖረዋል፣ የቴዜን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ሁለተኛውን ትቶ ስለ መጀመሪያው ብቻ ቢያወራ ውለታ መዋል እንጂ ታሪክ መጻፍ አይሆንለትም።

መስተንግዶው ያስከፈለው ዋጋም መነገር አለበት። ሮዤ በማታ ጸሎት ጊዜ ከወንድሞቹ ኋላ፣ ሕፃናት ከብበውት፣ ሕዝቡ ሊደርስበት በሚችልበት ቦታ ይቀመጥ ነበር። ነሐሴ 16 ቀን 2005 ሁለት ሺህ አምስት መቶ ያህል ሰው በተገኘበት ጸሎት ላይ የአእምሮ ሕመም ያለባት አንዲት ሴት ቀርባ በስለት ወግታ ገደለችው፤ ዘጠና ዓመቱ ነበር። በሩን የሚጠብቅ፣ መቀመጫውን ከሕዝቡ የሚለይ ነገር ቢኖር ኖሮ ላይሆን ይችል ነበር የሚል ሰው አይሳሳትም። ነገር ግን ያ ቢኖር ኖሮ ቴዜ ሌላ ቦታ በሆነ ነበር። ተተኪው ወንድም አሎይስ ጀርመናዊ ካቶሊክ ነው፤ ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ማኅበሩን የሚመራው እንግሊዛዊው አንግሊካን ወንድም ማቲው ነው። ሁለቱም ሥርዓቱን እንደነበረ ይዘውታል።

«እንደነበረ» ስል ግን ቆሟል ማለቴ አይደለም። የምሥራቅ አውሮፓ ድንበር በ1989 ሲከፈት አዲስ የእንግዳ ጎርፍ መጣ። በዚያው ጊዜ አካባቢ፣ ድንኳን በቆመበት በኩል ከእንጨት የተሠራ ቅጥያ ተጨመረና በውስጡ ተከፍቶ የሚዘጋ ክፍልፋይ ተደረገለት፤ በበጋ ሕዝቡ ሲበዛ ቤተ ክርስቲያኑ ይሰፋል፣ በክረምት ይጠባል። ከበርቲዬ ሞት በኋላ መዝሙሮቹን የጻፉት በከፊል ዤሊኖ፣ በከፊል ወንድሞቹ ራሳቸው ናቸው፤ ዛሬ በፖላንድኛ፣ በሩሲያኛ፣ በሊቱዌኒያኛ፣ በስፓኒሽ የሚዘመሩ አሉ፤ ላቲኑ ከብዙዎች አንዱ ሆኗል። ክርክሬን ከሁሉ ይልቅ የሚደግፈው ግን የክረምቱ ወር ነው። በጥር፣ እንግዳው ሲያንስና ክፍልፋዩ ሲዘጋ፣ ወንድሞቹ ወደ ጄኔቭ ዳዊታቸው ወይም ለሃያ ሰው ወደተጻፈው የ1955 ሥራ አይመለሱም። ያን ጊዜም የሚዘምሩት ለእንግዳ የተጻፈውን አጭር አዝማች ነው።